ከእርሾው በፊት

የምሩጽ ትልቁ ድስት ፈነዳ፤ ያውም ልጁ ኣርያም ልትዳር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት። እውነቱን ለመናገር አልፈነዳም። ሥሩ ተሰንጥቆ፣ ለሙከራ የተጣደውን ውሃ በበረንዳው አድርጎ ከታች ያሉት ጎረቤት ባሰጡት ልብስ ላይ አንጠባጠበው እንጂ። ምሩጽ ግን ሲያወራው «ፈነዳ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ መጎተቻ መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው፣ የገዛ ድስቱ ስንጥቅ አመለጠው ከሚባል ድስቱ ቢፈነዳ ይመርጣል።

ድስቱ የቢራ ድስት ነበር። ጠላ አላልኩም፤ የትግራዩን ጠላ፣ ስዋንም አላልኩም። እናቱ አዲግራት ስዋ ሲጠምቁ እያየ ያደገ ሰው፣ ጡረታ ሲቃረብ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዩቲዩብ ከፍቶ የፈረንጅ ጠማቂ ማየት ጀመረ። ብቅሉን በረንዳው ላይ ራሱ ያበቅላል፤ ለምሬቱ ጌሾ ይጨምራል፤ እርሾውን ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ አጠገብ ያስቀምጣል። ሚስቱ አለም፣ «የሰው ባል ዩቲዩብ አይቶ ስፖርት ይሠራል፤ የኔ ባል በረንዳዬን እርሻ አደረገው» ትላለች። ትበል እንጂ የመጀመሪያዋ ቀማሽ እሷ ናት።

ምሩጽን እንዲህ የማረከው ማፍላቱ ነው። ስዋ እንዲህ እሳት ላይ ተጥዶ አይውልም። ቢራ ግን ብቅሉ ተከክቶ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፍና ሲጠለል፣ መጀመሪያ የሚወርደው ወፍራም ጣፋጭ ጭማቂ ለብቻው ይጣዳል። ያ ጭማቂ ረዘም ላለ ሰዓት ቢንተከተክ፣ ስኳሩ እየጠቆረ፣ ማር ያልገባበት ማር ማር የሚል፣ የተቆላ ያልገባበት ቆሎ ቆሎ የሚል ነገር ይወጣዋል። ምሩጽ ይህን በትንሽ ድስት ሞክሮ ተደንቋል። ለኣርያም ሰርግ ደግሞ በትልቁ ሊያደርገው ቆርጦ ነበር። ድስቱ ግን እንዳልኳችሁ «ፈነዳ»።

ወሬውን የሰማው ሙራድ ያን ዕለት ማታ በር አንኳኳ። ሙራድ ጎረቤት ብቻ አይደለም። ገርጂ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ግቢው ሲፈርስ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አንዱን ለሚ ኩራ፣ አንዱን ሌላ ዳርቻ ቢጥለው፣ ሙራድ ከሰው ጋር ቤት ተለዋውጦ እዚሁ ብሎክ ገባ። መገናኛ ሙሸበክና ጣፋጭ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ስኳር ሲያፈላ ነው ጸጉሩ የሸበተው።

«እኔ ድስት አለኝ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

ምሩጽ የተቀለደበት መስሎት ሳቀ። የሙራድን ድስት ያውቀዋል። የሙሸበኩ ስኳር የሚፈላበት፣ አራት ጎረምሳ ሊታጠብበት የሚችል የመዳብ ድስት ነው። ሙራድ ያን ድስት እንኳን ለቢራ ለሥጋ ቅቅልም ለሰው አያውስም።

«የምሬን ነው። ግን ቃል ትገባልኛለህ። እርሾ እንዳይነካው፤ የሚያሰክረው እሱ ነው። ማፍላቱን በኔ ድስት ታፈላለህ፣ ከዚያ ወዳንተ ዕቃ ትገለብጣለህ፤ እዚያ የምታደርገውን ታደርጋለህ።»

«ቃሌ ነው።»

«ደግሞ ቃልህን አላምንም፤ እኔም እቆማለሁ።»

ምሩጽ ደስ አለው፤ ደስ ያለውን ያህል ደግሞ ተጨነቀ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኣርያም ስትወለድ አለም ታማ ሆስፒታል ተኛች። የሙራድ ሚስት አስማ ያኔ ራህማን ወልዳ ታጠባ ነበርና ኣርያምን ወሰደቻት፤ አንዷን በግራ፣ አንዷን በቀኝ አድርጋ አሳደገቻቸው። በሙራድ ሃይማኖት ወተት ዘመድ ያደርጋል፤ ራህማና ኣርያም እህትማማች ናቸው፣ ሙራድም ለኣርያም አባት ነው። ኣርያምም አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ ምሩጽን «አባዬ»፣ ሙራድን ደግሞ እንደ ልጆቹ «አባ» ትላለች።

በምሩጽ ቤተሰብ ደግሞ የሰርግ መጠጥ ዝም ብሎ አይቀዳም። የሙሽራዋ አባት የመጀመሪያውን ዋንጫ ይቀምስና ይመርቃል፤ መጠጡ ተከፈተ የሚባለው ያኔ ነው። ኣርያም ሽማግሌ የተላከላት ሰሞን አባቷን አንገቱን አቅፋ፣ «ሁለት አባት አለኝ አይደል? ሁለታችሁም ከአንድ ዋንጫ ቀምሳችሁ ትከፍቱልኛላችሁ» አለችው። እሱ ምን ቸገረው፣ ሳያስብ «እሺ» አላት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የምሩጽ እሺታ በማግስቱ ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ሳለ ተፈታ። ሙራድ እኮ አይጠጣም!

እስከዚያ ቀን ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። በሁለቱ ቤት ድግስ ሁሉ የክርስቲያን ለብቻ፣ የእስላም ለብቻ ይታረዳል፤ ድንኳኑም ለብቻ ነው፤ የእስላሙን ድንኳን ሙራድ ያዝዛል፣ ለስላሳው ይቀዳል፣ ሳቁ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይሻገራል፣ ማንም ቅር አይለውም። አንድ ዋንጫ ግን ሌላ ነገር ነው። አምስት ጊዜ የሚሰግድን ሰው «ቢራ ቅመስልኝ» ማለት እሱን መናቅ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ልጅቷን «አንድ አባት ብቻ ነው ያለሽ» ማለት ነው። ምሩጽ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ሆዱም ፈጀው።

ቅዳሜ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ፣ ነዋሪው ሲደግስ በሚያበስልበት የጋራው ቤት ደጃፍ ላይ ጉልቻ ተጎለተ። ምሩጽ ብቅሉን ከንጋት ጀምሮ ሲዘፈዝፍና ሲያጠልል አርፍዶ፣ ወፍራሙን ጭማቂ በሙራድ ድስት ገለበጠው። ገና ሲገለበጥ የገለባ ውሃ ይመስል ነበር፤ ለዓይን የማይሞላ፣ ገርጣ ያለ። ጌሾውን ለብቻው በሌላ ድስት ከዳር ጣደው። ሙራድ ሱቁን ለራህማ ትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ረጅም ማማሰያ ይዞ መጣ።

«አንተ ምን ልትሠራ ነው?» አለው ምሩጽ።

«ድስቴን ልጠብቅ።»

«ድስት ማማሰያ ይዞ ይጠበቃል?»

«እንደ ባለ ድስቱ ነው።»

እሳቱ የባህር ዛፍ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጭማቂው ከዳር ከዳር መንቀጥቀጥ ጀመረና፣ ነጭ አረፋ አነሳ። ምሩጽ ወንፊቱን ለማጠብ ዘወር አለ። ዘወር ባለበት ቅጽበት አረፋው ተነስቶ ወደ ድስቱ ከንፈር ጋለበ። ሙራድ «ያ ረቢ!» ብሎ አንዱን ግንድ ከሥሩ መዞ ቀዝቃዛ ውሃ እፍኝ ረጨበት፤ አረፋውም እየተነፈሰ ወረደ። አንድ ጣሳ እንኳ አልፈሰሰም።

«ስኳርም እንዲህ ነው» አለ ሙራድ፣ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ። «ዓይንህን እስክትነቅል ይጠብቅሃል።»

ሀይደር የሚባለው የሙራድ የመስጊድ ጓደኛ ከገበያ ሲመለስ በዚያ አለፈ። ቆመ፤ ድስቱን አየ፤ ሙራድን አየ። «ምነው ሙራድ፣ ሙሸበኩ አልበቃ ብሎህ ጠማቂ ሆንክ እንዴ?» አለ። ቀልድ ነበር፤ ግን ጫፉ ይወጋል።

«የገብስ ውሃ ነው ወንድሜ። ሲያሰክር ካየኸው ያኔ ና ውቀሰኝ» አለ ሙራድ፣ ማማሰሉን ሳያቆም።

ሀይደር ሳቅ ብሎ ሄደ። ምሩጽ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። ይህ ሰው ለኔ ሲል ስሙን አደባባይ ላይ ጥዶታል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ ልጠይቀው ነው የማስበው! በዚያች ሰዓት ለኣርያም «አይሆንም፣ ልጄ» ብሎ ሊነግራት ወሰነ። ወስኖም ቀለለው። እንዲህ ያለ ቅለት ግን ወዲያው ወደ ሐዘን ይለወጣል፤ የሱም ተለወጠ።

እሳቱ ግን የማንንም ሐዘን አይጠብቅም። ጭማቂው እየጎደለ፣ እየወፈረ ሄደ። የገለባው ቀለም መጀመሪያ ወርቅ መሰለ። ወርቁ ደግሞ እየበሰለ እንደ አዲስ ቆዳ ቀላ። የሚነሳው አረፋ ደቃቅ መሆኑ ቀርቶ ትልልቅ፣ ዝግ ያለ፣ «ቧ» እያለ የሚፈነዳ ሆነ። ከዚያ ሽታው መጣ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ትኩስ ዳቦ አለበት፤ የሚቆላ ገብስ አለበት፤ ከማር ሰፈፍ የሚወጣው ሙቀት አለበት፤ ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ስም የሌለው ነገር አለ። ሽታው ብሎኩን ወለል በወለል ወጣው። መጀመሪያ ከታች ያሉት፣ ያ ልብሳቸው የራሰባቸው ወይዘሮ የሺአረግ፣ በመስኮት ብቅ አሉ። ልብሱን ይቅር ያላሉት ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ብቻ ቆሙ። ከዚያ በየበረንዳው ሰው እየወጣ ተደገፈ። ከወዲያ ማዶ ሕንጻ የሚሠሩት ግንበኞች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ወደዚህ ዞሩ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደሚሆነው ሰው ሁሉ ዝም ነው ያለው።

ምሩጽ ብዙ ሞተር ፈትቷል። ሞተር ስትፈታው ውስጡ የምታገኘው አንድ ሰው ያስገባውን ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ የለም። እዚህ ድስት ውስጥ ግን ያስገባው ራሱ ነው፤ ገብስና ውሃ ብቻ። ይሄን ሽታ ማን አስገባው? ያን ደረቅ ፍሬ በእጁ ዘግኖ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ይህ ሁሉ ውስጡ ተኝቶ ነበር ማለት ነው? ምሩጽ ፈራ። ደስታ እንዲህ ሲበዛ ፍርሃት እንደሚሆን እስከዛሬ አያውቅም ነበር።

«ሱብሃነላህ» አለ ሙራድ በዝግታ።

«ይበቃዋል፤ እናውርደው» አለ ምሩጽ። «ሊያርር ነው። ሌላ ብቅል የለኝም፣ ሙራድ፤ ይሄ ካረረ ሰርጉም ያለ ቢራ ነው።»

«አልደረሰም።»

«አንተ የምታውቀው ስኳር ነው፤ ይሄ ገብስ ነው!»

«እሳቱ ግን አንድ ነው። ጥቂት ታገሠኝ።»

ሙራድ አንድ ቀዝቃዛ ሳህን አምጥቶ ጠብታ ጣለበት። ጠብታው ተንሸራቶ ፈሰሰ። ራሱን ነቀነቀና አማሰለ። ምሩጽ ድስቱን ዞረው፤ ተቀመጠ፤ ተነሳ። ሙራድ እንደገና ጠብታ ጣለ፤ ይህኛው ቀስ ብሎ ሄደ። ማማሰሉን ቀጠለ። ጭማቂው ከቀይ ወደ ጥቁር ቀይ ሲያልፍ፣ ሽታው ለአንድ አፍታ ከጣፋጭነት ወደ መራራነት ሊገለበጥ ጫፍ ላይ ሲቆም፣ ሦስተኛውን ጠብታ ጣለ። ጠብታው ሳህኑ ላይ ክብ ብሎ ተቀመጠ። ሙራድ በሁለት ጣቱ ነክቶ ሲለያያቸው ቀጭን ክር ተሳበ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ክሩ እንደ ብርሌ አበራ።

«አሁን!» አለ።

ግንዶቹን ከሥሩ መዘው ጣሉ። ድስቱ ጥቂት ተንተከተከና ጸጥ አለ። ላዩ ሲረጋ፣ ሰማዩም፣ በየበረንዳው የቆመው ሰውም፣ የሁለቱ ሽማግሌዎች ፊትም ውስጡ ታየ። ምሩጽ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከወፍራሙ ጥቂቱን በጭልፋ ቀድቶ፣ በሙቅ ውሃ አቅጥኖ በብረት ኩባያ ቀዳና ያዘው፤ ሊቀምሰው ግን እጁ እንቢ አለው።

ኣርያም ከሥራ የተመለሰችው በዚህ ሰዓት ነው። ቦሌ ካርጎ ነው የምትሠራው፤ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ መጣች።

«ኧረ ከታክሲ ስወርድ መንገዱ ድረስ ይሸታል! ምንድነው ያደረጋችሁት?» ብላ ሁለቱንም ሳመች። ከዚያ ኩባያውን አየች፣ ምሩጽን አየች።

ሙራድ እጁን ታጥቦ በፎጣ አደረቀ። «እርሾ ነክቶታል?» ሲል ጠየቀ።

«እርሾው ፍሪጅ ውስጥ ነው» አለ ምሩጽ።

«ጌሾስ?»

«ያውልህ፣ በዚያኛው ድስት።»

«እንግዲያው ይሄ ምንድነው?»

«ገብስና ውሃ። ሌላው እሳት ነው።»

«ስጠኝ።»

ምሩጽ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ማመን አቃተው። ኩባያውን በሁለት እጁ ሰጠው። ሙራድ «ቢስሚላህ» ብሎ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜውን ሙሉ ጣፋጭ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ጣፋጭ የሚባለውን ነገር ገና ዛሬ ያገኘው መሰለ፤ ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ፣ ሊደብቀውም አልሞከረ። ኩባያውን ለምሩጽ መልሶ ሰጠው። ምሩጽ የሙራድ ከንፈር ካረፈበት ከዚያው ቦታ ጠጣ። ያን ጣዕም ልገልጸው አልሞክርም። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ነይ ልጄ» አለ ሙራድ። ኣርያም በደንብ ልብሷ መሬት ላይ ተንበረከከች። መዳፉን ጭንቅላቷ ላይ አኖረ። «ጎጆሽ ይሙቅ። እንግዳ አይጥፋሽ። ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ የወለድሽው ይደግልሽ። እሳት ለማንም አይቀር፤ አንቺን ያብስልሽ እንጂ አያሳርርሽ።»

«አሜን» አለች ኣርያም። «አሜን» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ከመስኮታቸው። ከላይ ከየበረንዳው «አሜን» እና «አሚን» ተቀላቅሎ ወረደ።

ምሩጽ ቀና ብሎ ሙራድን አየው። «አንተ… ታውቅ ነበር?»

«ነግራኛለች። ላንተ በነገረችህ ማግስት ነው የነገረችኝ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልከኝ?»

ኣርያም ሳቀች፤ እያለቀሰች ነበር የሳቀችው።

«የሰርጉ ቀንስ?» አለ ምሩጽ። «ያን ቀን እርሾው ገብቶበታል። ያን ቀንማ አብረኸኝ አትጠጣም። በሰው ፊት እኔ ብቻዬን ልክፈተው?»

«የኔን ከፍቻለሁ» አለ ሙራድ። ከምሩጽ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «ክርስትና የተነሳችበት ቀን ትዝ ይልሃል? አንተ ከሆስፒታል በቀጥታ መጣህ። ከቤት አቅፌ ያመጣኋት እኔ ነበርኩ። እስከ ቤተክርስቲያኑ በር ድረስ ይዣት መጣሁና ላንተ ሰጠሁህ። ከበሩ ወዲያ ያንተ ነበር። አጥር ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ስትወጣ አንገቷ ላይ ማዕተብ ነበረ፤ አስማ ተቀብላ አጠባቻት። ይሄም ያው ነው። እስከ በሩ አድርሼልሃለሁ።»

ምሩጽ ያን ቀን ያስታውሰዋል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲያስታውሰው የሚታየው ግን አጥር ሥር ብቻውን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ውጭ አስቀርቼው ገባሁ እያለ ሲቆጨው ኖሯል። ልጁን እስከዚያ በር ያደረሳት ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም።

ተነስቶ የድስቱን አንድ ጆሮ በጨርቅ ያዘ፣ ሙራድ ሌላኛውን ያዘ፤ አንድ ላይ አንስተው ወደ ምሩጽ ዕቃ ገለበጡት።